ከዱርቤቴ እስከ ዓባይ በረሃ፦ ሞዴል፣ ኦፕሽንና ጎማ እንዴት ይመረጣሉ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደብረ ማርቆስን እያቋረጠ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አስፋልት የምዕራብ ጎጃም ዋና የንግድ መስመር ነው። በቆሎው፣ ጤፉና ዳጉሳው በዚሁ መንገድ ይወጣል፤ ማዳበሪያው፣ ጨውና ሲሚንቶው በዚሁ ይገባል። የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ዱርቤቴም መኪና ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው በተቀመጠበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። ኤንፒአር አይሱዙ ይሻላል ወይስ ኤፍኤስአር? ባለ 5ኤል ሞተሩ ዶልፊን ወይስ ተርቦ ያለው አባዱላ? ሙሉ ኦፕሽን የሚባለው ምን ይጨምራል? የጃፓን ጎማ፣ የሕንድ፣ የቻይና ወይስ የአገር ውስጥ?

ክርክሩ የጎጃም ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ የሚባል የውድድር ሜዳ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 የተከፈተው ይህ ሜዳ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በጫካ መካከል የሚጠማዘዝ ሰሜናዊ ዙር አለው። ውድድር በሌለበት ቀን ማንኛውም ሰው ከፍሎ በገዛ መኪናው ሊነዳበት ይችላል። እንደ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ያሉ የስፖርት መኪናዎች ባለቤቶች ከዚያ ተሰብስበው የሚነጋገሩት ያንኑ የዱርቤቴን ወሬ ነው፦ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ኦፕሽን፣ የትኛው ጎማ። አንዱ የኋላ ወንበሩን አስነቅሎ ክብደት መቀነሱን ያወራል፤ ሌላው ለፍሬን የሴራሚክ ዲስክ ጨምሮ መግዛቱን፤ ሦስተኛው ደግሞ በሁለት ጎማዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሰዓት ይዞ መለካቱን። የሞዴሉ ክርክር ረጅም ቢሆንም ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ከመቶ ሺሕ ዩሮ በላይ የወጣበት መኪና ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት መዳፍ በሚያክል ላስቲክ ብቻ ነው።

ይህ አነጋገር ማጋነን አይደለም፤ በስሌት ይረጋገጣል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ 300 ኪሎ ያርፋል። ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ 30 ፒኤስአይ ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2.1 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ስለዚህ መሬቱን የሚነካው ክፍል ከ140 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የአንድ ጎልማሳ መዳፍ ስፋት ማለት ነው። መኪናው የሚቆመው፣ የሚታጠፈውና የሚነሣው በዚህች መዳፍ ነው። ፍሬን የሚያቆመው ቸርኬውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ግን ጎማው ነው።

በአዊና በአጎራባች አካባቢዎች ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረስ የሚያወዳድር አዋቂ ሰው ጌጡንና ኮርቻውን ከማድነቁ በፊት ወደ ሰኮናው ያያል። የተሽከርካሪ ገበያ ላይ ግን ይህ ልማድ ይዘነጋል። ገዢው ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ቀለሙን ይመለከታል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል፤ ጎማው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ይመለሳል።

የጎማው ጽሑፍ

በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት ቁጥሮች አብዛኛውን ማንም ሰው በአንድ ቀን ሊማራቸው ይችላል። ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ቪ የሚል ጽሑፍ የያዘ ጎማ ወርዱ 195 ሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አር የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን፣ 15 ደግሞ የቸርኬውን ስፋት በኢንች ያሳያል። 91 የጭነት መለያ ቁጥር ሲሆን አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይናገራል። ቪ የፍጥነት ጣሪያውን ያመለክታል፤ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር። ሌሎችም ፊደላት አሉ፤ ኪው 160፣ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ የስፖርት መኪኖቹ ዋይ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳሉ። በጎጃም መንገድ ላይ 300 የሚነዳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ለፍጥነት ፊደሉ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል ለጭነት ቁጥሩ መጨነቅ ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ለኢትዮጵያውያን ገዢዎች ወጥመድ የሆነው የምርት ዘመኑ ነው። በጎማው ጎን፣ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ ባለው መስመር መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 3517 የሚል ጎማ በ2017 ዓመት 35ኛ ሳምንት ላይ ተመረተ ማለት ነው። ዓመቱ ግን የአውሮፓውያን ነው። 17ን ያየ ሰው የ2017 ዓ.ም ምርት ነው ብሎ እንደ አዲስ ሊገዛው ይችላል፤ ጎማው በእኛ አቆጣጠር የተመረተው በ2009 ዓ.ም በነሐሴ ወር መጨረሻ ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ለላስቲክ ቀላል አይደለም። ላስቲክ ባይነዳበትም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ቀጫጭን ስንጥቆች ያበቅላል። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲወገድ ይመክራሉ። ይህ ምክር ስኮርታንም ይጨምራል። ከመኪናው ሆድ ሥር ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ስኮርታ ጥርሱ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ሞቶ ሊገኝ ይችላል።

የጭነት መኪና ባለቤት ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። ብዙ ኤንፒአሮች የሚገጥሙት 7.50 አር 16 የሚባለው ጎማ በአንዳንድ ምርቶቹ ላይ 122/118 የሚል የጭነት ቁጥር ይዟል። የመጀመሪያው ጎማው ነጠላ ሲሆን 1,500 ኪሎ፣ ሁለተኛው ተጣምሮ ሲገጠም እያንዳንዱ 1,320 ኪሎ እንደሚችል ይናገራል። ፊት ሁለት፣ ኋላ አራት ጎማ ያለው መኪና በድምሩ 8,280 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። መኪናው ራሱ ከነካሶኒው 3 ቶን ቢመዝንና 50 ኩንታል በቆሎ ቢጫንበት 8 ቶን ይሞላል። በወረቀት ላይ ያልፋል። ነገር ግን ጭነቱ የሚያርፈው በኋላ ነው፤ ከጠቅላላው 70 በመቶው የኋላ ጎማዎች ላይ ቢወድቅ 5,600 ኪሎ ይሆናል፤ አራቱ የኋላ ጎማዎች የሚችሉት ግን 5,280 ኪሎ ብቻ ነው። 60 ኩንታል ሲጫን ጉዳዩ ከጥርጣሬ ያልፋል። ይህ ሁሉ ስድስቱም ጎማዎች አዲስ ሆነው፣ ንፋሳቸውም ሙሉ ሆኖ ነው፤ መኪናው የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ደግሞ ለብቻው በሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ከጎማው አቅም ያነሰም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ መከበር ያለበት ትንሹ ቁጥር ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ አርሶ አደሩም አለበት። እህሉን አስጭኖ ራሱም ከጆንያው ላይ የሚሳፈር ሰው ጥቂት ኩንታል ጨምሮ የማስጫኛ ሒሳብ ሲቆጥብ የሚጨምረው ክብደት የሚያርፈው ከተቀመጠበት ሥር ባለው ጎማ ላይ ነው።

ሙቀትና ንፋስ

ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳው በሚስማር ሳይሆን በሙቀት ነው። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግሞ የሚያጥፍ ሰው ሽቦው ሲግል እንደሚሰማው ሁሉ የጎማው ላስቲክና ክርም በመታጠፍ ይግላሉ። ንፋሱ ያነሰ ወይም ጭነቱ የበዛ ጎማ አብዝቶ ይታጠፋል፤ ስለዚህ አብዝቶ ይግላል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ላስቲኩና ክሩ ይለያያሉ፣ ከዚያም ጎማው በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ከፍንዳታው በኋላ በመንገዱ ላይ የተዘረገፈውን ቁራጭ ያየ ሰው ጎማው መጥፎ ነበር ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጎማው የተገደለው ጠዋት ሲነሣ ንፋሱ ባለመለካቱ ነው።

በውድድር ሜዳ የሚነዱ ባለመኪናዎች ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያደርጉት እዚህ ላይ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካሉ፤ ጥቂት ዙር ነድተው ሲመለሱም ወዲያውኑ ይለካሉ። በቤት መኪና ጎማ ላይ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ በአንድ ፒኤስአይ ገደማ ስለሚጨምር፣ ሲግል የሚፈልጉት ቁጥር ላይ እንዲደርስ አስቀድመው አሳንሰው ይነሣሉ። ይህን የሚያደርጉት ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚነዱበት፣ ጭነት በሌለበትና በየዙሩ በሚለኩበት ሁኔታ ነው። ለመንገድ መኪና ግን አሳንሶ መነሣት ጥፋት ነው። የአምራቹ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ የተጻፈውም ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ዱርቤቴ ላይ ጠዋት ከመነሣት በፊት መለካት ትክክል ነው። ደጀን ላይ ጎማው ግሎ ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ንፋስ ማስተንፈስ ግን አይገባም፤ ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ ከሚገባው በታች ይወርዳልና። በእግር መርገጥ ወይም በብረት መምታት መለኪያ አይደለም። ድምፁ ባዶ ጎማን ከሙሉው ይለያል እንጂ 60 ፒኤስአይን ከ80 አይለይም።

ተጣምረው የሚገጠሙ የኋላ ጎማዎች ላይ ሌላም ነገር አለ። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያረጀ ከሆነ ቁመታቸው ስለሚለያይ ትልቁ የሁለቱን ጭነት ለብቻው ይሸከማል። በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም ጎናቸውን ይቆርጣል። ረዳቱ በየፌርማታው ወርዶ ማየቱ ለዚህ ነው።

ክረምትና ጥርስ

የጎማ ጥርስ ለመያዝ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማ የተሻለ ይይዛል፤ የውድድር መኪናዎች በደረቅ ቀን ጥርስ አልባ ጎማ የሚገጥሙት ለዚህ ነው። በኑርበርግሪንግ የሚወደዱት እንደ ሚሽሊን ፓይሎት ስፖርት ካፕ 2 እና ፒሬሊ ትሮፊኦ አር ያሉት ጎማዎች በሕግ መንገድ ላይ መነዳት የሚፈቀድላቸው ቢሆኑም ጥርሳቸው ጥቂት፣ ላስቲካቸውም ለስላሳ ነው። በደረቅ ይጣበቃሉ፣ ውሃ በተኛበት ግን አደገኛ ናቸው። ቶሎም ያልቃሉ። በአሜሪካ ደንብ በጎማ ጎን ላይ የሚታተም የመበላት መለኪያ አለ፤ ለሜዳ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ 200ና ከዚያ በታች፣ የተለመዱት የቤት መኪና ጎማዎች ደግሞ 400ና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ቁጥሩ ሲያንስ የበለጠ ይይዛል፣ ቶሎም ይበላል። ያገለገለ ጎማ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ውድ ስም ያለው ጎማ ቢገኝ ለጎጃም ክረምት አይሆንም።

የጥርሱ ሥራ ውሃን ከመዳፉ ሥር ማስወጣት ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጎማው ከአስፋልቱ ተነሥቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያች ቅጽበት መሪውም ፍሬኑም አይሠሩም። ይህ የሚጀምርበትን ፍጥነት ለመገመት በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ ከአውሮፕላን ጎማ ሙከራ የተገኘ ስሌት አለ። በዚያ መሠረት 30 ፒኤስአይ ያለው ጎማ በተኛ ውሃ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይንሳፈፋል፤ ንፋሱ ወደ 20 ከወረደ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። የጎማው ጥርስና የመንገዱ ገጽ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ቢያደርጉትም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ንፋሱ ያነሰና ጥርሱ ያለቀ ጎማ በሐምሌ ዝናብ ከዳንግላ ወደ ዱርቤቴ ሲመጣ ቀድሞ ይከዳል።

በአውሮፓና በብዙ አገሮች ለቤት መኪና የተቀመጠው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዞ ይመጣል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ጎርበጥ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች አሉ፤ የጎማው ገጽ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። በእርጥብ መንገድ ላይ የማቆም አቅሙ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲደርስ በጉልህ ይቀንሳል። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ብቻ ተውሶ የሚገጠም ጎማ ምርመራውን ያሳልፍ ይሆናል እንጂ ገደሉን አያሳልፍም።

ራዲያል ወይስ ሰያፍ ክር የሚለው ምርጫም አለ። ሚሽሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ጎማ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ያልፋሉ፣ በገጹም ሥር የብረት ሽቦ መቀነት አለው። ስለዚህ በአስፋልት ላይ ያነሰ ይግላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጎኑ ግን ስስ ነው። ክሮቹ በሰያፍ የተደራረቡበት የቀድሞው ዓይነት ጎኑ ወፍራም በመሆኑ የድንጋይ ስለትን ይቋቋማል፣ በረጅም ጉዞ ግን ይግላል። ከዱርቤቴ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በጠጠርና በኮረት መንገድ የሚመላለስ መኪና ከሁለተኛው ሊጠቀም ይችላል፤ አዲስ አበባ የሚደርስ መኪና ግን ራዲያል ይሻለዋል። ሁለቱን በአንድ አክስል ላይ መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ስለ ሞዴል ሲወራ የሚዘነጋው የአገሩ ከፍታ ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ደግሞ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አምስተኛውን ገደማ ጥሎ ነው ወደ ጎጃም ደጋ የሚመጣው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለችው እንጅባራ ሩቡን ያህል። ተርቦ አየሩን አስገድዶ ስለሚያስገባ ከዚህ ኪሳራ አብዛኛውን ያስቀራል። 5ኤሉ ተርቦ አልባ መሆኑ ለጥገና ቀላል ያደርገዋል፤ የጎጃም ጎሚስታና መካኒክም ያውቀዋል። ዳገት ላይ ግን ከጭነት ጋር ማርሽ አውርዶ ማጓራቱ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም። የስፖርት መኪና ወዳጆችም ይህንኑ ይከራከራሉ፤ ጂቲ3 ያለ ተርቦ በሚሠራው ባለ 4 ሊትር ሞተሩ ድምፅና ፈጣን ምላሽ ይወደዳል። የሚወደደው ግን ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ አገር ነው።

ኦፕሽን በሚባለውም ላይ የሚጠቅመውና የሚያማልለው ይለያያሉ። ቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስታወትና ትልቅ ስክሪን ዋጋ ይጨምራሉ። ትልቅ ቸርኬም ያምራል፤ ነገር ግን 225/40 ጎማ ያለው ባለ 18 ኢንች ቸርኬ የጎኑ ከፍታ 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው 127 ሚሊ ሜትር ፋንታ። ጉድጓድ ሲመታው ጎማው በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ይቆነጠጣል፣ ቸርኬውም ይጣመማል። ለጭነት መኪና ገዢ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ኦፕሽን የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚባለው ነው፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን መጎተቻ ያደርገዋል። ኤቢኤስ የተባለው ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓትም ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ለምን እንደሆነ ዓባይ በረሃ ይናገራል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆነው መንገድ መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጠቅላላው 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር 380 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሁለት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይውጡታል። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ ካልያዘ ግን ቀሪው በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወርዳል። ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል። ሙቀቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይሻገራል። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ዘይቱ ራሱ ሊፈላ ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ የሚታገሥ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በውድድር ሜዳ የሚነዱ ሰዎች የፍሬን ዘይታቸውን አዘውትረው የሚቀይሩት ይህን ስለሚፈሩ ነው፤ በጎጃም መስመር ላይ የሚነዳ ሰው ከእነርሱ የበለጠ ምክንያት አለው። የአሮጌው ሾፌሮች ደንብ፣ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው፣ ሳይንሱም የሚደግፈው ነው።

ባጃጅ፣ ትራክተርና ኤሌክትሪክ

በከተሞቹ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያጓጉዘው ባጃጅ 4.00-8 የሚል ጎማ አለው፤ ወርዱ 4፣ ቸርኬው 8 ኢንች። ፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ በመሆኑ እርሱ ሲፈነዳ የሚተካከለው የለም። የተሠራው ለሾፌርና ለሦስት ሰዎች ነው። ከሾፌሩ ጎን ሰው ሲጨመር ከጎማው ይልቅ ሚዛኑ ይናጋል፤ በመታጠፊያ ላይ የሚገለበጠውም በዚሁ ነው። የተሻለው ጎማ ከኋላ ይሁን ከፊት የሚለው ጥያቄ በቤት መኪና ላይ ወደ ኋላ ይበል ቢባልም በባጃጅ ላይ የፊቱን ማስቀደም ያስኬዳል።

ትራክተር ያላቸው ወይም የሚከራዩ አርሶ አደሮች ጉዳያቸው ተቃራኒ ነው። በማሳ ላይ ንፋሱ ቀነስ ያለ ጎማ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አፈሩን አይጠቀጥቅም፣ አይንሸራተትምም። በዚያው ንፋስ ግን በአስፋልት ላይ ተሳቢ እየጎተቱ መሄድ ጎማውን ያግለዋል። በአምራቹ መመሪያ ላይ ለሁለቱም የተለያየ መጠን የተሰጠው ለዚህ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ክርክሩን ተቀላቅሏል። ባትሪው ከባድ በመሆኑ መኪናው ከተመሳሳይ የነዳጅ መኪና በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ሞተሩም ከመነሻው ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ጎማ ቶሎ ይበላል። ገዢው ጎማ ሲቀይር ወርዱንና ቸርኬውን ብቻ አይቶ አነስተኛ የጭነት ቁጥር ያለው እንዳይገጥም ያስፈልጋል። ለተጨማሪ ጭነት የተሠሩት ኤክስኤል የሚል ምልክት አላቸው። በቁልቁለት ላይ ግን ይህ መኪና ይመሰገናል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እየሠራ ባትሪውን ስለሚሞላ ፍሬኑን ያሳርፋል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ብቻ ይህ እርዳታ ይቀንሳል።

የዋጋው ነገር ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሬ ሥርዓቱ ከተሻሻለ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል፤ ጎማም ከዚያ አላመለጠም። በ1960ዎቹ ዓ.ም በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ በኋላም ማታዶር፣ ቀጥሎም ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው ፋብሪካ የአገር ውስጥ ምርጫ ነው፤ እዚህም የሚነበበው ያው የጭነት ቁጥርና የምርት ሳምንት ነው። ዳግም የተለበጠ ጎማ ለሚያስብ ሰው ደግሞ በሥርዓት የተለበጠው በተጣመረ የኋላ ጎማነት ሊያገለግል ይችላል፤ መሪውን በሚያዝዘው በፊተኛው አክስል ላይ መግጠም ግን አይመከርም።

ከአገልግሎት የወጣ ጎማ በዚህ አገር አይጣልም። ከፊሉ በገበያ ቀን እህል በሚያመላልሰው የፈረስ ጋሪ ላይ ይገጠማል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጋሪ የላስቲክ ስንጥቅ አያስጨንቀውም። ከፊሉ በረባሶ ይሆናል፤ ለዚህ የብረት ሽቦ መቀነት የሌለው ሰያፍ ክሩ ይመረጣል፣ ቢላዋ ይቆርጠዋልና። ጎሚስታው ከመኪና ያወረደውን ያለቀ ጎማ ባለቤቱ ለጋሪ ወይም ለበረባሶ ከሸጠው ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ሻጩ ጎኑን በቀለም አጥቁሮት፣ ጥርሱን በቢላዋ ጠልቆ እንደገና ቀርጾት ለሚኒባስ ባለቤት ይቀርባል። በቦዩ ወለል ላይ የቢላዋ ሻካራ ጠባሳ የሚታይበት ወይም ክር ብቅ ያለበት የሚኒባስ ጎማ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ መኪና አይገዛም።